የአሚራ አስራ አምስት ወር

ጃንዋሪ 27፣ 2025፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለአሚራ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሟን ጽፋበት፣ ያውም አንዱን ፊደል ገልብጣ፣ ከዚያ ወዲያ አልነካችውም። ወረቀቱ ለምን በከንቱ ይቀራል? እኔ እጽፍበታለሁ። የማወራው ሰው እንደሆነ የለኝም።

ዛሬ ሪከንባከር፣ ዕቃ የማሽግበት ዌርሃውስ ውስጥ ብሬክ ላይ ሳለሁ ቲቸሯ ኮል አደረገችኝ። ፎርክሊፍቱ እየጮኸ ግማሹን አልሰማኋትም። የሰማሁት ይበቃኛል። አሚራ ሦስተኛ ክፍል ሆና የምታነበው እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው አለች። ዲስሌክሲያ ይመስለኛል አለች። ጭንቅላቷ ደህና ነው፣ ስትናገር ጎበዝ ናት፣ ግን ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማገናኘት ያቅታታል። ፍራንክሊንተን የሚባል ሰፈር ውስጥ እንደሷ ያሉትን ብቻ የሚያስተምር ትንሽ ትምህርት ቤት አለ፤ ስቴቱ ለአካል ጉዳተኛ ልጆች በሚሰጠው ፈንድ ሊከፈልላት ይችላል፤ ግን ማስረጃ ይፈልጋሉ።

አካል ጉዳተኛ! በሁለት እግሯ ስትሮጥ ውሻ የማይደርስባትን ልጅ። "ልጄ ሰነፍ ናት እንጂ ምንም አልሆነችም፤ እኔ አስተካክላታለሁ" አልኳት። ለማንኛውም ሄደሽ እይው፣ አድራሻውን እልክልሻለሁ አለች። 

ከእራት በኋላ ካርዶቹን አወጣሁ። መቶ ሃያ ቃል ናቸው፣ በእጄ የጻፍኳቸው፣ ሁለት ዓመት የለፋንባቸው። ሁሉንም በቃሏ ይዛቸዋለች። አዲስ ቃል ሳመጣባት ግን አፏ ውስጥ ውሃ የያዘች ይመስል ዝም።  አልመታኋትም። ጆሮዋን ብቻ ነው የያዝኩት።

ፌብሩዋሪ 1፣ ቅዳሜ

ፍራንክሊንተን ሄደን አየነው። መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረ የነዱን እትዬ ወሰንየለሽ ናቸው። እዚህ ብሌንደን ታውንሺፕ ከአፓርታማችን ፊት ለፊት ያለው ቤት የሳቸው ነው፤ በሱዳን በኩል የመጡ፣ እዚህ ሃያ ዓመት የኖሩ ሴት። እኔ ሳይነጋ ሥራ ስለምገባ ጠዋት ጠዋት አሚራን ለስኩል ባስ የሚያደርሱልኝ እሳቸው ናቸው።

አንዲት አስተማሪ አሚራን ይዛት ገባች። በመስተዋቱ አየኋቸው። መጽሐፍ የለ፣ ደብተር የለ። ፊደል የተጻፈባቸውን ትናንሽ እንጨቶች አሚራ በጣቷ እየገፋች ለእያንዳንዱ ድምፅ ታወጣለች። ሞኝነት መስሎኝ ነበር። አንድ ሰዓት ሲሆነው አስተማሪዋ ወረቀት ሰጠቻትና አሚራ አንድ ረዥም ቃል፣ ካርዶቼ ውስጥ የሌለ ቃል፣ እየተንተባተበች አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ዞር ብላ በመስተዋቱ ፈለገችኝ።

"ማማ፣ ያንን አንቺ አላስተማርሽኝም" አለችኝ መኪና ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ። መንገድ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ካላነበብኩ አለች። ግማሹን ትሳሳታለች፣ እኔ አርማለሁ፣ ትሳሳታለች፣ አርማለሁ።

"ተያት እስቲ ኑራ፤ ልጅቷ ደስ ብሏት እኮ ነው" አሉ እትዬ ወሰንየለሽ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ለዘጠኝ ዓመት ግን ገዝፋለች። የኔ የልጅ ልጅ እኩያዋ ነው፣ ትከሻዋ ጋ አይደርስም" አሉ።

የአሜሪካ ወተት ነው አልኩና መስኮቱን ከፈትኩ።

ለመስከረም ያላቸው ቦታ አንድ ነው። ማስረጃው እስኪሟላ ይዘውልን ይቆያሉ።

ፌብሩዋሪ 5

ፈንዱ የሚጠይቀው ወረቀት መጣ። ምሳ ላይ አነበብኩት። የቲቸር ደብዳቤ አይበቃም። ፈቃድ ያለው ሳይኮሎጂስት የፈተናት ሪፖርት። ሁለት ቁጥር፦ አንዱ እውነተኛ ቃል ማንበብ፣ አንዱ ትርጉም የሌለው የፈጠራ ቃል ማንበብ። ደህና ልጅ መቶ ያገኛል። ሁለቱም ቁጥር ከሰማንያ በታች መሆን አለበት። በዕድሜዋ የተሰላ ብቻ፤ በክፍሏ የተሰላ አይቀበሉም። ችግሩ ከሕፃንነቷ የነበረ መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ። የልደት ካርድ ኮፒ።

የልደት ካርድ የሚለውን ሦስቴ አነበብኩት።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ፈተናዋ ዛሬ ነበር። ሳይኮሎጂስቷ ዶክተር ሊን ትባላለች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ፀጉሯ ሽበት ያለው። አሚራን ይዛት ገባች፤ ለእኔ የሚሞላ ፎርም ሰጠችኝ። መቼ ዳኸች? መቼ ሄደች? የመጀመሪያ ቃል የተናገረችው በስንት ወሯ ነው?

ወሩን አውቀዋለሁ። በኛ አቆጣጠር ጥር 2009 ነበር፣ ኮምቦልቻ፣ እናቴ ቤት። "ውሃ" አለች። እናቴ እልል አለች፤ ልጅቷ ዲዳ ነች ብላ ስትሰጋ ነበርና። ከጠረጴዛው ሥር በጣቴ ስቆጥር ቆየሁና አስራ ሦስት ወር ብዬ ጻፍኩ።

ዶክተር ሊን ፎርሙን አይታ "በጊዜዋ ነው የተናገረችው፣ ጥሩ ነው" አለችና ምልክት አደረገችበት። ዘግይታ ቢሆን ለማስረጃው ይረዳ ነበር ብላ እንደ ጨዋታ ጨመረችበት።

እዚህ ልጻፈው። ማን ያነበዋል? አሚራ የተወለደችው መስከረም 2007 ነው። ወረቀቷ ታኅሣሥ 2008 ይላል። አስራ አምስት ወር ተቀንሶላታል። ስትናገር አስራ ሦስት ወሯ አልነበረም፣ ሃያ ስምንት ነበር።

ዲቪ የሞላሁት ደሴ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። የሚሞላልን ልጅ የአከራዬ የእህት ልጅ ነበር። "ልጅ አለሽ?" አለኝ፣ ጮክ ብሎ፣ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው እየሰማ። አላገባሁም። አሚራ ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ መሆኗን ደሴ ውስጥ የሚያውቅ የለም። "አይ፣ የለኝም" አልኩት። አፌን በቆረጠው። ከዚያ ዲቪው ደረሰኝ። ፎርሙ ላይ ያልተጻፈ ልጅ ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ከፎርሙ በኋላ የተወለደ ልጅ ግን ይቻላል። ወንድሜ አንዋር ቀበሌ ሄዶ ከፎርሙ በኋላ የተወለደች አደረጋት።

ኤምባሲ ስንገባ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወሯ ነው፤ በወረቀት ዓመት ተኩል። ቀጫጫ ነበረች፣ አዘልኳት። ያኔ ከ"ውሃ" እና ከ"እማ" ሌላ ብዙ አታወራም ነበር፤ እንኳንም አፏ ዘገየ ብዬ አላህን አመሰገንኩ። ለማንኛውም እጄ ጭኗ ላይ ነበር። ልታወራ ስትል ቆንጠጥ አደርጋታለሁ። አንድም ድምፅ አላሰማችም። የኔ ጎበዝ።

ሌላ ምን ላድርግ ነበር? ትቻት ልምጣ?

ፌብሩዋሪ 28፣ ዓርብ

ሪፖርቱ ወጣ። የፈጠራ ቃላት ሰባ ዘጠኝ። እውነተኛ ቃላት ሰማንያ አራት።

አንዱ ገባ፣ አንዱ አልገባም። ዶክተር ሊን በወረቀት ላይ መስመር እየሣለች አስረዳችኝ። ዲስሌክሲያ እንዳለባት ምንም አልጠራጠርም አለች፤ ግን እውነተኛዎቹን ቃላት ብዙዎቹን በቃሏ ይዛቸዋለች፣ ቤት ውስጥ ብዙ አስጠንተሻታል መሰለኝ። አዎ አልኩ። ትመሰገኛለሽ አለች። መቶ ሃያውን ካርድ እያስቆጠርኩ፣ ስትሳሳት ቆማ እንድትበላ እያደረግኩ፣ ሰማንያ አራት አደረስኳት። 

ዝም ብዬ ብወጣ ይሻለኝ ነበር። "ልጅቱ ትልቅ ብትሆን ቁጥሩ ይለወጣል?" አልኳት። ይለወጣል አለች፤ ከእኩዮቿ ጋር ነው የምትነጻጸረው፣ ያው መልስ ለትልቅ ልጅ ዝቅተኛ ነው።

"የጓደኛዬ ልጅ ናት... አስር ዓመት ከአምስት ወር ብትሆንስ?"

መጽሐፉን ከፈተች። ጣቷን በሠንጠረዡ አወረደች። "ሰባ ሰባት። ሌላው ሰባ አንድ።" ከዚያ መጽሐፉን ሳትዘጋው ቀና አለች። "ከአምስት ወር?" አለችኝ ቀስ ብላ። "ስለ አሚራ የልደት ቀን የምትነግሪኝ ነገር ካለ፣ ከአገር ቤት አንድ የተስተካከለ ወረቀት ብታመጪ ለኔ ይበቃኛል። እንደገና መፈተን እንኳ አያስፈልጋትም።"

"አይ፣ የጓደኛዬ ልጅ ናት አልኩሽ እኮ" አልኩ። 

ማርች 3፣ ሰኞ። ረመዳን ሦስተኛ ቀን

ጋሼ ጣሰው ዘንድ ሄድኩ። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ የታክስና የኢሚግሬሽን ፎርም የሚሞሉልን ሰውዬ ናቸው፤ የዚህ ሰፈር ሐበሻ ሁሉ ምሥጢር እሳቸው ሆድ ውስጥ ነው።

"አንድ የማውቃት ሰው አለች ጋሼ። የልጇ ዕድሜ ትንሽ ተሳስቷል። ማስተካከል ይቻላል?"

"በምን መጣች?"

"በዲቪ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ልጅቱ ፎርሙ ላይ አልነበረችም ማለት ነው?" አሉ። ምን አይነት ሰው ናቸው? ቦርሳዬን አነሣሁ። "እንግዲያው ያቺ የምታውቂያት ሰው አፏን ትዝጋ። ዲቪው ከመሠረቱ ይናዳል፣ ዜግነት ብትወስድም ይናዳል፣ ልጅቱም አብራ ትናዳለች። ዘንድሮ ደግሞ ጊዜው እንዲህ ሆኖ።" ስወጣ "ለመሆኑ ልጅቱ ምን ሆና ነው?" አሉኝ።

"ትንሽ ዓይኗን ያማታል" አልኩ። በጾም አፌ።

ማርች 4

የአሚራን እግር አየሁት ተኝታ። የኔን ጫማ ልታክል ነው።

ማርች 9፣ እሑድ

ሌሊት ሱሑር እየበላሁ የፈንዱን ወረቀት እንደገና አነበብኩት። አንድ ጊዜ ድጋሚ መፈተን ይፈቀዳል፤ በሌላ ዓይነት ፈተና፣ በስልሳ ቀን ውስጥ። ዶክተር ሊን ኤፕሪል 9 ሰጠችኝ።

ከሰማንያ አራት ወደ ሰባ ዘጠኝ። አምስት ቁጥር ናት። ዕድሜዋን መመለስ ካልቻልኩ አምስት ቁጥር ማውረድ አያቅተኝም። ውሸት አይደለም። እውነተኛው ቁጥሯ ሰባ ሰባት አይደል? ወደ እውነቱ እየመለስኳት ነው። ይህን ለራሴ ስነግረው ልቤ አረፈ፤ ሱብሒ ሰግጄ ተኛሁ።

ማርች 11

ካርዶቹን አወጣሁ። "ዛሬ ሌላ ጨዋታ ነው" አልኳት። "የምታውቂውን ቃል ስታይ ሌላ ቃል ትያለሽ። ሁሉንም አይደለም። ከአምስቱ ሁለቱን።"

ሳቀች። ቀልድ መሰላት። የመጀመሪያውን ካርድ ስይዝላት አፏ ቀድሟት ትክክለኛውን አለች።

"እሱን ተሳሳቺ።"

"ግን አውቀዋለሁ።"

"ማወቅሽን አውቃለሁ። ተሳሳቺ።"

ሁለተኛውንም በትክክል አለችው። ሦስተኛውንም። ሁለት ዓመት ስታውቅ የሚሰጣትን "ጎበዝ" እየጠበቀች ዓይኔን ታያለች። ካርዶቹን መሬት ላይ ወረወርኳቸው። ለቀመቻቸው፣ በተራ ደረደረቻቸው፣ መልሳ ሰጠችኝ።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

ደህና እየሆነች ነው። ዛሬ ከሃያ ካርድ ሰባት ተሳሳተች። ጸጥ ብላ ነው የምትሳሳተው፣ ሰው ቤት ዕቃ እንደ ሰበረ ሰው። ከረሜላ ሰጠኋት። አልበላችውም።

"ማማ፣ ዶክተሯ ጎበዝ እንዳልሆንኩ ታስባለች እኮ።"

"ታስብ። ፍራንክሊንተን መግባት ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?"

"እፈልጋለሁ።"

"እንግዲያው ተሳሳቺ።"

ማርች 21

አሥራ ሁለት ሰዓት ቆሜ ሳጥን ሳሽግ ዋልኩ። ጾም፣ ራስ ምታት። ሱፐርቫይዘሩ ቀርፋፋ ሆነሻል አለኝ። ቤት ስገባ አሚራ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ከላይብረሪ ያመጣችውን መጽሐፍ በጣቷ እየገፋች፣ የፍራንክሊንተኗ አስተማሪ እንዳሳየቻት፣ በየድምፁ ትለዋለች። ማን አዘዛት? አንድ ገጽ ጨርሻለሁ አለችኝ። መጽሐፉን ቀምቼ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። እስከ ኤፕሪል 9 ማንበብ የለም አልኩ።

አሁን ስጽፈው እንዴት እንደሚመስል አውቃለሁ። ሌላ እናት ብታደርገው ምን እንደምላትም አውቃለሁ። ግን ሌላዋ እናት እንደኔ አልታሰረችም።

ማርች 30፣ ዒድ

ሶላት ላይ ሰው ብዛቱ። ከሶላት በኋላ ሴቶቹ ልጆቹን አሰልፈው ቁርኣን በቃላቸው አስቀሩ። አሚራ ፋቲሓን፣ ከዚያ ሌሎች አራት ሱራዎች፣ አንድ ድምፅ ሳትስት ወጣቻቸው። ሰምታ ነው የያዘችው፣ እኔ ከስልክ እያሰማኋት። "ማሻአላህ፣ እንዴት ያለች ጎበዝ ልጅ ነው ያለሽ" አሉኝ። ሴቶቹ ሲስሟት እሷ ጆሮዬ ድረስ ተንጠራርታ፣ በሹክሹክታ፣

"ማማ፣ እዚህም ልሳሳት ነበር?" አለችኝ።

ክንዷን ይዤ ወደ መኪናው ወሰድኳት። አዲሱ ቀሚሷ ላይ ጣቴ ምልክት ተወ፤ ላብ ነው፣ ይታጠባል።

ኤፕሪል 8

ነገ ነው። እንቅልፍ የለም። ያ ረቢ፣ ይህችን ብቻ አሳልፍልኝ፤ ከዚያ በኋላ ካርዶቹን አቃጥላቸዋለሁ።

ኤፕሪል 9፣ ረቡዕ

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ዶክተር ሊን ብቻዋን ወጣች፤ አሚራን ውስጥ ሥዕል እንድትሥል ትታት። አጠገቤ ተቀመጠች። እንደዚያ ተቀምጣ አታውቅም።

"ድጋሚ የሚፈተን ልጅ ሁሉ ሲጨርስ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ" አለች። "ቤት ውስጥ በዚህ ፈተና ላይ እንዲህ አድርጊ ያለሽ ሰው አለ ወይ እላለሁ። መልሱን የመጻፍ ግዴታ አለብኝ።"

ተነሥታ አሚራን ልታመጣልኝ ገባች። 

 በመኪናችን ሁለት ሰባ አውራ ጎዳና ላይ ስንወጣ አላስቻለኝም። "ምን አልሻት?" አልኳት።

"እውነቱን።" አማርኛ ነው ያወራችው፤ አማርኛ የምታወራኝ ስትፈራ ነው። "እማዬ ተሳሳቺ ብላኝ ነበር፣ ግን እኔ አልተሳሳትኩም አልኳት። ወላሂ አልተሳሳትኩም ማማ። ሁሉንም በደንብ ነው የሞከርኩት። ካርዶቹ ላይ ያለ ቃል ግን አልነበረም።"

"ማን ሞክሪ አለሽ?"

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ኤምባሲ በጀርባዬ ሳዝልሽ ዝም ብለሽ ነበር። ያኔ ትሻይ ነበር" አልኳት። ምን እንደምል አልገባትም፤ እንዴት ይገባታል? እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

እትዬ ወሰንየለሽ በሩን አንኳኩ። አሚራ ጠዋት ጠዋት እያለቀሰች ነግራቸዋለች። ኩሽናው መሃል ቆመው፣ ቁጭ በሉ እንኳን ሳልላቸው፣ "ኑራ፣ እኔ ልጅ ቀብሬያለሁ። ልጅ እንዴት እንደሚሞት አውቃለሁ። አንዳንዱ በአንዴ አይሞትም" አሉኝ። ቀጠሉና "የተጨነቅሽው ነገር ካለ ንገሪኝ፤ ከኔ አይወጣም" አሉ። አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አስራ አምስት ወሩ፣ ደሴ፣ ሁሉም። ሱዳን ውስጥ በስንት ስም እንደኖሩ እሳቸውም ነግረውኝ ያውቃሉ። ይገባቸው ነበር።

"በልጄ አይግቡብኝ እትዬ" አልኩ።

ከሰኞ ጀምሮ አሚራ ብቻዋን ትነሣለች። አላርም ሞልቼላታለሁ። በሩን መቆለፍ ታውቃለች። በወረቀት ዘጠኝ ናት እንጂ አስር ዓመት ከሰባት ወሯ ነው፤ እኔ በዚያ ዕድሜዬ ቤት አስተዳድር ነበር።

ኤፕሪል 17

ምንም የለም። ፖስታ ሳጥኑን በቀን ሁለቴ እከፍታለሁ።

ኤፕሪል 24፣ ሐሙስ

መጣ። የፈንዱን ደብዳቤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እንግሊዝኛዬ ለዚህ አያንስም፤ አንዳንዱን ቃል በስልኬ አየሁ፣ ትርጉሙ ያው ነው።

እውነተኛ ቃላት ሰባ ስድስት። የፈጠራ ቃላት ሰባ ሁለት። ሁለቱም ከሰማንያ በታች። በወረቀቱ ዕድሜ፣ ያለምንም ማስተካከያ። ካርዶቼ ላይ የሌሉ ቃላት ስለነበሩ ነው። ዝም ብዬ ይዣት ብሄድ ኖሮ ገብታ ነበር። ይህን አንዴ ጽፌዋለሁ፣ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ከሥሩ ያለው እንዲህ ይላል፦ አሚራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሙሉ አቅሟ ሠርታለች። እንድትሳሳት በወላጅ ብትመከርም አልተቀበለችም፤ ሐቀኛና ትጉ ልጅ ናት። ሆኖም ወላጅ ውጤቱን ለማዛባት በመሞከሩ ሪፖርቱን በማስረጃነት መቀበል አንችልም። ከሁለት ዓመት በኋላ በአዲስ ምርመራ ማመልከት ይቻላል። የፍራንክሊንተኑ ቦታ ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል። ቅሬታ ካለ ተጨማሪ ማስረጃ እስከ ሜይ 15 ማቅረብ ይቻላል።

ተጨማሪ ማስረጃ። አለኝ እኮ። የእናቴ ምስክርነት፣ የክትባት ካርዷ፣ አንዋር አሁንም ኮምቦልቻ ያስቀመጠው። ዶክተር ሊን አንድ ወረቀት ይበቃኛል ብላ ነበር። ጋሼ ጣሰው ደግሞ ይናዳል አሉ። ሁለታችንም ከምንናድ አንዷ ብትዘገይ ይሻላል። አንዷ ብቻ ናት የምትዘገየው፣ ደግሞም ልጅ ናት፣ ጊዜ አላት።

አሚራ ከባስ ወርዳ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አየችው። ቦርሳዋን ሳታወርድ መጣች። "ከነሱ ነው? ምን ይላል?" አለች በእንግሊዝኛ። ወረቀቱን አንሥታ ጣቷን አደረገችበት። ስሟን አገኘችው፤ ስሟን የትም ታገኘዋለች። ከስሟ ቀጥሎ ያለው ቃል ላይ ቆመች። በየድምፁ ልትገፋው ሞከረች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሁለተኛው ድምፅ ላይ ጠፋባት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ወረቀቱን ከእጇ ወሰድኩት።

"በደንብ አልሞከረችም ይላል" አልኳት።

"ግን ሞክሬ ነበር።"

"እኔ ነኝ እንዴ የጻፍኩት? እነሱ ናቸው ያሉት። አሚራ ሰነፍ ናት፣ ስትፈተን ልቧ ሌላ ቦታ ነው፣ ስለዚህ አንቀበላትም ይላል።"

"የቱ ጋ ነው?"

ጣቷን ያዝኩና መስመሩ ላይ አደረግሁላት። በሙሉ አቅሟ ሠርታለች የሚለው ላይ። ብዙ ጊዜ አየችው። ግንባሯ ተቋጥሮ፣ ያ ስታነብ የምታመጣው ፊት። አነበበችው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

"ኦኬ" አለች። "ሶሪ፣ ማማ። በሚቀጥለው የበለጠ እሞክራለሁ።"

እራቷን አቀረብኩላት፣ በላች፣ ካርዶቹን ራሷ አመጣቻቸው። ሃያ ሠራን። አንድም አልተሳሳተችም፤ ጎበዝ አልኳት።

ምን ልበላት? ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የእናትሽ ነው ልበላት? ከዚያ ማን ይሰማኛል፣ ማንን ትፈራለች? ደብዳቤውን ልቀደው ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፣ በቁመቷ ልክ፤ ጠዋት ወተት ስታወጣ እያየችው ትበርታ።